ከግፊያው ውስጥ የተሰማው ጥሪ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ሰበታ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፤ የትናንት ራቴን እንኳ የምረሳ ሰው ነኝ። ያን ከሰዓት በኋላ ግን አልረሳውም። ፍርድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው የስፖርት አስተማሪ ፈረንጅ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ፊሽካ፣ አንድ የሕግ መጽሐፍና እንቁላል የመሰለች አንድ ኳስ ትቶልኝ ሄደ። ጨዋታው ራግቢ ይባላል። ኳሷን በእጅ ይዞ መሮጥ ነው፤ ከባላጋራ መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካት ነጥብ ያገኛል። እኔ የምወደው እግር ኳስ ነበር። ልጆቹ ግን ራግቢ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። የቡራዩ ትምህርት ቤት ልጆችም ከዚሁ ፈረንጅ ተምረው ኖሮ፣ "ወንድ ከሆናችሁ እንግጠም" ብለው ላኩብን።

የዚህ ጨዋታ ጣጣው ግፊያው ነው። ፈረንጁ "ስክረም" ይለው ነበር፤ ልጆቹ "ግፊያ" አሉትና በዚያው ቀረ። የሁለቱም ቡድን ጠንካሮች እርስ በርስ ተቃቅፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። ኳሷ መሃላቸው ትጣላለች። ከዚያ እንደ ወይፈን መገፋፋት ነው። ፊት ያሉት ልጆች ከኋላ በወገን፣ ከፊት በባላጋራ ይጨመቃሉ።

ፈረንጁ ሊሄድ ሲል፣ የልጅ አንገት ቀልድ አይደለም፣ ግፊያው ሲበላሽ ቶሎ አስቁም ብሎ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። ለመናገርማ ቀላል ነው! ያለ ነገር ካስቆምክ የሚያሸንፈውን በደልክ። ከዘገየህ ደግሞ የሰው ልጅ አንገት ነው። ሁለቱን አስታርቆ መፍረድ እንዴት እንደሆነ መጽሐፉም አልነገረኝም።

ግጥሚያው በጥቅምት ሆነ፤ ሜዳችን ገና አልደረቀም ነበር። የቡራዩ ልጆች በጭነት መኪና ላይ እየዘፈኑ መጡ። ከወላጆች መካከል ኦቦ ደገፋ የሚባሉ ሰው አብረዋቸው ነበሩ፤ ልጃቸው ቶሎሳ ፊት ሆነው ከሚገፉት አንዱ ነው። "አከም ጅርታ መምህር?" ብለው ጨበጡኝና፣ "ሜዳው የሰበታ፣ ዳኛው የሰበታ። ለእኛ ምን ተረፈን?" አሉ። ሳቁ፤ ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። እኔም ገብቶኛል።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በእኛ መስመር አጠገብ ግፊያ ሆነ። ቡራዮች በጉልበት ይበልጡን ነበር። "ሆ!" ብለው ሲገፉ የእኛዎቹ እግር ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ሄደ። ኳሷ ከቡራዮች እግር ሥር ናት፤ ትንሽ ቢገፉ አገቡ። እኔ ጎንበስ ብዬ ባይ የሚታየኝ ጭቃና እግር ብቻ ነው።

ድንገት ከውስጥ አንድ ልጅ ጮኸ። "በሕግ አምላክ!"

ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ ከተባለ በቃ፣ አለቀ። ዱላ ያነሳ ያወርዳል፤ የሚሮጥ ባለበት ይቆማል። ያንን ጥሶ የተራመደ ሰው መንግሥትን የደፈረ ያህል ይቆጠራል። ቡራዮችም እንደ አስተዳደጋቸው ቀጥ አሉ። በመንገዱ ላይ አህያ ይነዳ የነበረ ሰውዬ እንኳ "እኔን ነው እንዴ?" ብሎ ቆመ።

ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ልጆቹ ተላቀቁ። የጮኸው የእኛ ልጅ ታደለ ነበር። ከቶሎሳ ጋር ፊት ለፊት የገጠመው እሱ ነው። ሮጬ ያዝኩት።

"ምንህን ነው ታደለ? አንገትህን ነው?"

"አይደለም ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

"ምንም ሳትሆን ነው በሕግ አምላክ ያልከው?"

አቀረቀረ።

ኦቦ ደገፋ ከዘራቸውን ይዘው ሜዳ ገቡ። "ዋዮ! ሰማችሁ? በገዛ አፉ ምንም አልሆንኩም አለ! በሕግ ስም ይነገዳል? ልጆቻችን ሕግ አክብረው ስለቆሙ ሞኝ ሊባሉ ነው? ውሸታም! ይህ ልጅ ተባርሮ ይውጣ!" አሉ። ቡራዮችም "ሌባ! ሌባ!" እያሉ ተቀበሏቸው።

የእኛ ወገን ደግሞ ግፊያው ይደገም ይላል። ዳይሬክተራችን ከወንበራቸው ተነስተው፣ ይደገም በልና ገላግለን በሚል ዓይን ይጠቅሱኛል።

ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። ይደገም ብል፣ ቡራዮች በሕግ አምላክ ሲባሉ በመቆማቸው ከሰሩ። ሌላ ጊዜ ማን ይቆማል? ታደለን ብቀጣው ደግሞ፣ ነገ እውነተኛ ጭንቅ ሲመጣ ማን አፉን ይከፍታል? ደግሞም የልጁ ነገር አላማረኝም። ሊያጭበረብር የፈለገ ልጅ "ወይኔ አንገቴን!" ብሎ መሬት ይንከባለላል እንጂ፣ ምንም አልሆንኩም ብሎ ይገተራል እንዴ?

በመጨረሻ እጄን አነሳሁ። "ነጥቡ የቡራዩ ነው። ሕግ አክብረው ባይቆሙ ኖሮ ያገቡ ነበር። ታደለን ግን ማንም አይናገረውም። የጠራ ልጅ ለምን ጠራህ አይባልም!" አልኩ። እንዲህ ያለ አንቀጽ በመጽሐፉ ውስጥ ይኑር አይኑር እንጃ።

የሰበታ ሰው ጮኸብኝ። "የእናት ጡት ነካሽ!" ያለኝም አለ። ዳይሬክተሩ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ቡራዮች እየዘለሉ ተቃቀፉ።

ቶሎሳ ብቻ አልዘለለም። አባቱ "ኮቱ ቶሎሳ! ና ልሳምህ!" ብለው ሲጠሩት አንገቱ አልዞረም፤ ሙሉ ገላውን ይዞ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ አባቱ መሄዱን ትቶ ቀስ እያለ ወደ እኔ መጣ።

"ጋሼ፣ ነጥቡ ጸንቷል አይደል?"

"ጸንቷል።"

"አይመለስም?"

"አይመለስም አልኩህ እኮ።"

"እንግዲያው ልንገርዎት። ታደለ የጮኸው ለራሱ አይደለም፤ ለእኔ ነው። የእኛዎቹ ከኋላ ሲገፉኝ አንገቴ ታጠፈ። ትንፋሽ አጠረኝ፤ ድምፅ ማውጣት አቃተኝ። እሱ ፊቴን አየና ጮኸልኝ።"

ኦቦ ደገፋ ክው አሉ። "እስካሁን ምን ዘጋህ አንተ?" አሉት።

"ቶሎሳ ፈርቶ ነጥብ አስቀረብን ይሉኛል ብዬ ነዋ" አለ፤ ይህን ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

አንገቱን በነጠላ ደግፈን ጭነት መኪናው ላይ ጋቢ አንጥፈን አስተኛነው፤ ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ይዘውት ሊሄዱ። መኪናው ሊነሳ ሲል ኦቦ ደገፋ ወረዱ። ታደለን ፈልገው አገኙት፤ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት። "ልጄን ያተረፈልኝን ልጅ ውሸታም አልኩ። ይቅር በለኝ የኔ ጌታ" አሉት። እንባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር። ያን ያየ የሰበታ ሰው ስለ ነጥቡ መጨቃጨቁን ተወ።

ቶሎሳ አንገቱ ታስሮ ወራት ከረመ፤ ተመስገን፣ ዳነ። ወደ ራግቢ ግን አልተመለሰም።

ታደለን በማግስቱ ጠየቅኩት። "ሌባ ሲሉህ እንኳ ለምን አልተናገርክም?"

"ብናገር ፈሪ የሚባለው እሱ ነው ጋሼ። ደግሞ ቆሞ ሳየው ደህና የሆነ መሰለኝ" አለኝ። እኔ በዕድሜው ብሆን እችለው ነበር? አይመስለኝም።

ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ታደለን ይመርቃል። ይገባዋል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስበረግገኝ ግን ሌላ ነው። "ግፊያው ይደገም" ማለት ምንኛ ቀላል ነበር! አገሬው ደስ ይለው፣ ዳይሬክተሩ ያመሰግኑኝ ነበር። ቶሎሳም ነጥቡ እንዳይቀር ብሎ ያንኑ አንገቱን ይዞ ተመልሶ ይገባ ነበር። ግፉ ብዬ ፊሽካውን የምነፋውም እኔ ነበርኩ።