ንፋስ፣ መብራትና አማቴ

ካቻምና ሐምሌ ላይ አማቴ ስሜን ቀየሩት። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ «ልጄ» ሲሉኝ የኖሩት ሰው «ያ ሹፌር» ይሉኝ ጀመር። ሹፌርነቴን አልክድም። ፒካፕ አለኝ፤ ከንፋስ መውጫ ድንችና ገብስ ጭኜ መካነ ኢየሱስም ወገዳም እወርዳለሁ። ቃሉ ግን ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ስድብ ነበር።

ጥፋቱ የጭቃ ነው። አማቴ መሪጌታ ናቸው፤ አገሬው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ለሐምሌ ሥላሴ በየዓመቱ ሲማዳ ወርደው፣ በልጅነታቸው ዜማ በተማሩባት ደብር ማኅሌት ይመራሉ። ያን ዓመት «እኔ እያለሁ በበቅሎ ምን አደከመዎት» ብዬ ጋቢና አስቀመጥኳቸው። ወገዳ ሳንደርስ ያለው ቀይ ዳገት ላይ የቀኙ የኋላ ጎማ ሰመጠ። ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር የሰመጠው ይሾራል፣ ደረቅ ላይ ያለው የግራው ቆሞ ያያል። የኔታ ሊገፉ ወረዱ። «አንቱ ነጭ ለብሰዋል፣ ይተዉ» ብላቸው እምቢ ብለው ልክ ከሚሾረው ጎማ ኋላ ቆሙ። የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ጢማቸው ሳይቀር ቀላ። የተደገፉት መቋሚያም ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ደብሩ ስንደርስ ማኅሌቱ ተጋምሶ ነበር፤ የኔታ በተውሶ ነጠላ፣ በተውሶ መቋሚያ ጥግ ቆመው ሌላ ሰው የመራውን ተከተሉ።

ሲመለሱ በሰው በቅሎ ተመለሱ። «ከእንግዲህ በዚህ ቆርቆሮ ብቀመጥ…» ብለው ጀምረው፣ መማል ኃጢአት ነውና ሳይጨርሱ ተዉት። ተስፋዬ ያቺ ያላለቀች መሐላ ብቻ ነበረች።

ሰው ሊስቅብኝ ይችላል፤ እኔ ግን በጣም ከፋኝ። አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ ነኝ። «ልጄ» የሚለኝ ወንድ በዚህ ዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እሱንም ጭቃ በላብኝ። ለሚቀጥለው ሥላሴ ጋቢናዬ ላይ መልሼ ላስቀምጣቸው ቆረጥኩ።

ደብረ ታቦር ያለ አንድ የማውቀው መካኒክ ታሪኬን እየሳቀ ሰማና «መድኃኒቱ ለኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያካፍለውን ዲፈረንሻል የሚቆልፍ ዕቃ ማስገባት ነው» አለኝ። መቆለፊያው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እንደ በሬ በአንድ ቀንበር ይጠምዳቸዋል። አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ይጎትታል፣ መለገም የለም።

«ሁለት ዓይነት አለ» አለ መካኒኩ። «በአየር የሚሠራና በኤሌክትሪክ የሚሠራ። የአየሩ ኮምፕሬሰር አለው፤ በቀጭን ቱቦ አየር ልኮ ይቆልፋል። ሲቆልፍም ሲለቅም ፈጣን ነው። ቱቦው ከተበሳ ወይ አየሩን አፍኖ የሚይዘው ላስቲክ ካረጀ ግን ትንፋሹ ያልቃል። የኤሌክትሪኩ አንድ ሽቦና አንድ ማብሪያ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ግን ጎማው ትንሽ ካልዞረ አይቆልፍም፣ አንዳንዴም ልቀቅ ሲሉት ያንገራግራል። ውሃም አይወድም።»

«አንተ ብትሆን የቱን ታስገባለህ?»

«እኔማ መኪና የለኝም» ብሎ ጥያቄዬን ለራሴ መለሰልኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ንፋስ መውጫ ገባ። ባለ ባጃጆቹ በአንድ ድምፅ የአየሩን መረጡልኝ። ለእኔ አስበው እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፕሬሰሩ ጎማም ይነፋል። «ጠዋት ጠዋት ደጅህ እንሰለፋለን» አሉኝ ሳያፍሩ።

የኔታ እሑድ እሑድ እኛ ቤት ምሳ ይበላሉ። ቂም ቢይዙም ምሳ አይተዉም። እኔን ግን በቀጥታ አያናግሩኝም፤ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ የምንነጋገረው በሚስቴ በኩል ነው።

«ለዚያ ሹፌር ንገሪው» አሉ አንድ እሑድ ጉርሻቸውን እየጠቀለሉ፣ «በአየር ነው ወይስ በመብራት ከጭቃ የሚያወጣን?»

«በየትኛው ይሁን ይላሉ፣ የኔታ?» አልኩ።

«በየትኛው ይሁን ይላል፣ አባባ» አለች ሚስቴ፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ።

«አየርማ ጋይንት ላይ ሞልቶ የለም እንዴ? ከጭቃ ሲያወጣን አላየሁም። መብራትም እንደሆን በክረምት ለአምፖሉ እንኳ አልሆነ።» ጥቂት አላመጡና «ለመሆኑ የአየሩ ማሽን በምን ኃይል ነው የሚነፋው በይው» አሉ።

«በባትሪ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ሁለቱም መብራት ናቸው። አንዱ በቀጥታ ይሄዳል፣ አንዱ ዞሮ ይሄዳል» ብለው ለእጃቸው ውሃ ጠየቁ።

ይህን ያህል እየተራቀቁብኝም ልቤ ወደ አየሩ አዘንብሎ ነበር። ደብረ ታቦር ተመልሼ «አየሩን አሳየኝ» አልኩ። መካኒኩ በቅርቡ የገጠመለት ሌላ ፒካፕ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቁልፉን ሲጫነው ኮምፕሬሰሩ «ድርርር» አለ። ሲለቀው ከመኪናው ሥር ረዘም ያለ፣ ለስለስ ያለ «ፍስስስ» ወጣ።

መካኒኩ ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን የኔታን ከጎኔ አስቀምጬ አሰብኩት። ዳገቱን ወጥተናል፣ እሳቸው ዳዊት እየደገሙ ነው፣ እኔ ቁልፉን እለቃለሁ፣ «ፍስስስ»። ለአማቱ «ዲፈረንሻሉ ነው» ብሎ የሚያስረዳ ማን ነው? ቢያስረዳስ ማን ያምነዋል? «ያ ሹፌር»ን የሚያስመኝ ስም ሊወጣልኝ ነው።

«የኤሌክትሪኩን ግጠምልኝ» አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ቱቦ አልወድም» ብዬ አለፍኩት።

አምና ሐምሌ ሲገባ የኔታ እንደ ዛቱት በቅሎ ፈለጉ። የጎረቤታችን በቅሎ ለሌላ መንገደኛ ተሰጥታ ተገኘች። የወዲያ ማዶዋ ደግሞ አነከሰች ተባለ። ሚስቴ በዚያ ሰሞን ለባለ በቅሎዎቹ ድፎ ዳቦ ስትልክ አይቻለሁና ምንም አልጠየቅኩም።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ሳሞቅ የኔታ አዲስ መቋሚያ ይዘው መጡ። በሌላ እጃቸው ጠበል የሞላ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። «ለዚያ ሹፌር ንገሪው፣ ያ መብራት የምትሉት ቁልፉ የት ነው?» አሏት ልትሸኘን የቆመችውን ሚስቴን። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ከመሪው ጎን ያለውን ማብሪያ በጣቴ አሳየኋቸው። «በስመ አብ» ብለው ጀሪካኑን ዘነበሉት። አዲስ ነገር ሲገባ ጠበል መርጨት የአገራችን ወግ ነው፤ የኔታ ግን አልረጩም፣ አጠጡት። ማብሪያው ተንጣጣ። ከጎኑ ያለችው ቢጫ መብራት ቦግ ብላ በራች፣ ጎማው እንደዞረ ዲፈረንሻሉ ይቆለፋል ማለት ነው። ለማጥፋት ብጫነው ብጫነው እምቢ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ቀና ስል የኔታ ጋቢና ገብተው በሩን ዘግተዋል። ዓመት ሙሉ የለመንኩትን ሰው «ይውረዱልኝ፣ ማብሪያው ረጥቧል» ልበል? ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።

መኪናዋ መንገዱን ሁሉ እንደተቆለፈች ሄደች። ጠመዝማዛ በደረስን ቁጥር ሁለቱ ጎማዎች እኩል ካልዞርን ስለሚሉ አልታጠፍም ብላ ወደፊት ትገፋለች፣ እኔ መሪውን እንደ እምቢተኛ ወይፈን ቀንድ እታገላለሁ። ቀዩ ዳገት ላይ አንድ የጭነት መኪና እስከ ሆዱ ሰምጦ ቆሟል። የኔታ ዳዊታቸውን አቋርጠው መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። መኪናዋ በጎኑ ገብታ፣ ሁለቱም ጎማዎቿ እኩል እየቧጠጡ፣ እየተንገዳገደች ወጣች። ለመውጣትማ ከመቆለፍ የተሻለ ምን አለ?

ደብሩ ጋ ስንደርስ ከዛፎቹ ሥር ልታጠፍ መሪውን አዞርኩ። አልታጠፈችም። ቀጥ ብላ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደች፤ ፍሬኑ ላይ ቆሜበት አፍንጫዋ ደረጃውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመች። የኔታ በሩን ከፍተው አንድ ጠብታ ጭቃ ሳይነካቸው ድንጋዩ ላይ ወረዱ። ካህናቱ «እንዴት በዚህ ዳገት መጡ?» ብለው ሲከቧቸው «ጠበሉ ነው ያወጣን» አሉ። «ያ ሹፌር መሪ መያዝ ብቻ ነበር ሥራው።» በአዲሱ መቋሚያቸው ማኅሌቱን ሲመሩ ኋላ ቆሜ እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስሜ ግን ያው ሹፌር ነበር።

በማግስቱ የኔታ ንግሡን ሲያከብሩ እኔ ማብሪያውን ፈትቼ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር አሰጣው ነበር። አልዳነም። ደብረ ታቦር አዲስ አስገባሁ፤ መካኒኩን ከታች፣ ከማይታይ ቦታ እንዲደብቀውና ላስቲክ እንዲያለብሰው አደረግኩ። «አሁን ውቅያኖስ ቢዘንብ አይገባውም» አለኝ።

ዘንድሮ የኔታ በቅሎ አልፈለጉም። ሳልጠራቸው መጥተው ጋቢና ገቡ፤ ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ሚስቴ ቃላቸውን ልትቀበል ወደ መስኮቱ ቀረበች፤ እሳቸው ግን አላዩዋትም፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ቁልፍ ወዴት ሄደ?»

«እዚህ ነው፣ የኔታ» አልኩና ጎንበስ ብዬ ላስቲኩን ራሴ አነሳሁላቸው።