አምስተኛው ጥራዝ

ሰብለ ማበጠሪያዋን በጥርሷ ነክሳ የፀጉር ቤቷ መስታወት ፊት ቆማ ነበር። ከፊቷ ወንበሩ ላይ ሹሩባ የምታሠራ አንዲት የሀገራችን ልጅ ተቀምጣለች። እኔ በስተኋላ፣ ፀጉር ማጠቢያው አጠገብ፣ የደረቁ ፎጣዎችን እያጠፍኩ ነበር። አራተኛዋ ሴት በሩን ከፍታ ገብታ እዚያው በሩ ላይ ቆማለች፤ በእጇ ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ዓርብ ከሰዓት ስለሆነ እዚህ ኩዌት የፋርዋኒያ መንገድ ዕረፍት በወጣ ሰው ተሞልቷል። ተራ የምትጠብቅ ደንበኛ መስላት ሰብለ በዓይኗ ወንበር አሳየቻት።

ሴትዮዋ አልተቀመጠችም። ወደ እኔ እያየች፣ «እትዬ አስካለ፣ አላወቁኝም?» አለች።

አላወቅኋትም። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ሞላ ያለች፣ ንጹሕ የለበሰች ሴት ናት።

«ዝናሽ ነኝ። የቁርጡባዋ። ከግድግዳው ወዲያ የነበርኩት።»

ከፌስታሉ መጽሐፍ አውጥታ ፎጣዎቹ ላይ አስቀመጠችው። ገጾቹን ስትገልጥ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች እንደማይታጠፉ አየሁ። ያን ጊዜ አወቅኋት። መጽሐፉንም አወቅሁት፤ ሽፋኑን ግን ገና ማየቴ ነበር።

ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ናዝሬት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዓመታት ሥራ ፈልጌ አጥቼ፣ ኩዌት ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቁርጡባ ሰፈር የምሠራበት ቤት ባለቤት አሮጊት ነበረች፤ ብዙ ትተኛለች፣ ጥቂት ትናገራለች። ክፉ ቤት አልነበረም። ጧት ጧት ያጠብኩትን ልብስ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አሰጣለሁ። የእኛን ጣሪያ ከጎረቤቱ ጣሪያ የሚለየው ደረት የሚደርስ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ዝናሽ ታሰጣለች።

ፓስፖርቷ ሃያ አራት ዓመት ይላል፤ እሷ አሥራ ስድስት ነበረች። የመጣችው ከጋይንት ነው፣ ፊደል አልቆጠረችም። ማዳሟ ጫማዋን ወስዳ ቆልፋበታለች። ደጅ የምትወጣው ቀትር ላይ ቆሻሻ ልትጥል ብቻ ነው፤ ያውም በላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ጥግ። የምትተኛው ወጥ ቤት መሬት ላይ ሲሆን የምትበላው ሩዝ የተረፈ ቀን ነው፤ ያንንም ቆማ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል ድምጿ አይለወጥም ነበር። ተምር በጨርቅ ቋጥሬ በግድግዳው ላይ አቀብላታለሁ። ማዳሟ ፍሬውን እንዳታገኝ ወደ እኛ ጣሪያ ትተፋውና ትስቃለች። በየቀኑ የዝናሽን የተምር ፍሬ እጠርግ ነበር።

መጽሐፉ የአበበች ነበር። አበበች የመንገዱ ጥግ ላይ ባለው ቤት የምትሠራ ናት፤ አውሮፕላን ላይ አነበዋለሁ ብላ አዲስ አበባ የገዛችው ነው። ወፍራም ስለሆነ ማዳሞች ሳያዩት ከቤት ቤት ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ ሽፋኑን ገንጥላ ጣለች፤ የቀረውን በወጥ ቤት ቢላዋ አምስት ቦታ ከፍላ እያንዳንዱን በስፌት ክር ጠረዘችው። አንዱን ጥራዝ ከቀሚስ ሥር ሸጉጦ ቆሻሻ በርሜሉ ጋ መለዋወጥ ቀላል ነው። አበበች ቆሻሻ የምትጥለው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ከዝናሽ ጋር አይገናኙም። ጥራዞቹ ለእኔ ይደርሳሉ፤ ማዳሜ የቀትር እንቅልፏን ስትተኛ አነባለሁ፤ በማግስቱ ጧት ጣሪያ ላይ ለዝናሽ እተርክላታለሁ።

ታሪኩ ለወጣቶች የተጻፈ ነው። ዙሪያውን ገደል በከበበው ተራራ አናት ላይ አንድ ትንሽ መንግሥት አለ፤ መግቢያው ከዐለት የተፈለፈለ አንድ በር ብቻ ነው። ንጉሡ ሞቷል ተብሎ ወንድሙ ዙፋኑን ይዟል። ንጉሡ ግን በሕይወት ታስሯል፤ ይህን የሚያውቁት ልጁ፣ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልዑል፣ እና ማሪቱ የምትባል የውኃ ቀጂ ልጅ ናቸው። አጎትየው ሁለቱን ገደሉ ጫፍ ላይ ባለ ቤት ዘግቶባቸዋል። ከሁለቱ አንዱ አምልጦ ተራራው ሥር ለሰፈረው የንጉሡ ሠራዊት ካልነገረ ንጉሡ ይገደላል።

ግንቦት ነበር። በኩዌት ግንቦት የአንሶላውን አንድ ጫፍ ገመድ ላይ ስታደርጊ ሌላው ጫፍ ይደርቃል። አቧራ በተነሣ ቀን ሰማዩ ቢጫ ይሆንና ነጩ ልብስ ሁሉ እንደገና ይታጠባል። ከየወጥ ቤቱ ከሥጋ ጋር የሚቀቀል የደረቀ ሎሚ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ሲመጣብኝ የዝናሽ ድምፅ አብሮት ይመጣል።

«ያ ልዑል ዛሬም ያለቅሳል?» ትለኛለች ገና ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ።

«ዛሬስ አላለቀሰም። ርቦታል።»

«እኛ ማዳም ጋ ላኪው። ሽንኩርት ታስልጠውና ረሃቡን ትርሳለት።»

«ተይው፣ ልጅ ነው።»

«ማሪቱስ ልጅ አይደለችም? እሷ መች አለቀሰች።»

አንዳንዴም ታርመኛለች። «ገደል እንዲህ አይወረድም፤ ፊትን ወደ ድንጋዩ አዙሮ ነው» ትለኛለች። እኔ የሜዳ አገር ልጅ ስለሆንኩ እንዳለችው አርሜ እቀጥላለሁ።

አራተኛው ጥራዝ የሚያልቀው ማሪቱ በመስኮቱ የገደሉን ጥልቀት በዓይኗ ስትለካ፣ ከዚያም የለበሱትን ጋቢ አንስታ ይጠንክር አይጠንክር እየሳበች ስትፈትን ነው። አምስተኛው ዘገየ። አበበች ቤት እንግዳ በዝቶ ሦስት ሳምንት ሳንገናኝ ቀረን። በእነዚያ ሳምንታት ዝናሽ የምታሰጣቸው አንሶላዎች ከስድስት ወደ አራት ወረዱ።

«ሁለቱስ?» አልኳት።

«አርጅተው ማዳም ጣለቻቸው።»

«አዲስ ነበሩ እኮ።»

«አንቺ ደግሞ የሰው አንሶላ ምን ያስቆጥርሻል» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ከጣሪያው ጫፍ ጎንበስ ብላ ወደ ታች አየች። የምታየውን እኔም አውቀዋለሁ። ሦስት ፎቅ ነው፤ ከታች ሲሚንቶ ነው። በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ ላይ አንዲት ልጅ በአንሶላ ስትወርድ ወድቃ እንደሞተች ሁላችንም ሰምተን ነበር። ይህንን ባነሣባት፣ «እሷ ቋጠሮ አታውቅም ነበር» አለችኝ።

አምስተኛው ጥራዝ ሲደርሰኝ ቀትርን አልጠበቅሁም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌ ቆሜ አነበብኩት። ማሪቱ በገደሉ አልወረደችም፤ ጋቢው አጠረ። ቀትር ላይ እናቷ ውኃ ልታደርስላቸው ገባች። ማሪቱ የእናቷን ነጠላ ተከናንባ፣ ባዶውን እንስራ አዝላ፣ ከሌሎቹ ውኃ ቀጂዎች ኋላ ተሰልፋ በዋናው በር ወጣች። ዘበኛው ሸክም የያዘ ሰው ፊት አያይም። እናቷ በእሷ ቦታ ቀረች።

ዝናሽ ቤት በር ላይ ዘበኛም አልነበረም። በየቀኑ ቀትር ላይ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ተሸክማ ትወጣለች፣ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ፋርዋኒያ ውስጥ የጠፉ ልጆችን የሚያስጠጉ የሀገራችን ሴቶች እንዳሉ እናውቃለን። ያነበብኩትን ብነግራት በማግስቱ ፌስታሉን በርሜሉ ጋ አስቀምጣ በዚያው ትሄድ ነበር። በዚህ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት ከመንገዳችን አንዲት ሠራተኛ ስትጠፋ፣ ከእሷ ጋር ስታወራ የታየች የጎረቤት ሠራተኛ ተይዛ በሳምንቱ ወደ ሀገሯ ተመልሳለች። እኔና ዝናሽ ጣሪያ ላይ እንደምናወራ ሁለቱም ቤቶች ያውቃሉ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ናዝሬት የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረም። በአንሶላ ትወርዳለች ብዬም ፈርቼ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«ወረደች?» አለችኝ በማግስቱ።

«አልወረደችም። ጋቢው አጠረ።»

«እና ምን አደረገች?»

«ጠበቀች።»

«ምኑን?»

«ዘበኛውን። አዘነላትና በሩን ከፈተላት።»

ዝናሽ የልብስ መቆንጠጫውን ይዛ ቆመች። «እንዲያው ከመሬት ተነሥቶ አዘነላት?»

«እንዲያው።»

«ደግ አገር ነው» አለችና ማስጣቷን ቀጠለች።

በማግስቱ ገመዷ ላይ ስድስት አንሶላ ነበር። ደስ አለኝ። አበበች ጥራዙን ስትጠይቀኝ ማጠቢያ ውስጥ ገብቶ ተበላሸ አልኳት፤ እሷም ተናደደች። እኔ ቀዳድጄ ከዓሣ ቅርፊት ጋር ጠቅልዬ ጥዬዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ብርዱ በገባበት ሰሞን፣ ዝናሽ ግራ እጇን በወጥ ቤት ጨርቅ ጠቅልላ ጣሪያ ወጣች። ልብሱን በአንድ እጇ ለማሰጣት ትታገላለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ማዳም በር ዘጋችበት።»

«ሳታይ?»

«አይታ ነው።»

በግድግዳው ላይ ተንጠራርቼ ከባልዲዋ የቀረውን ልብስ ተቀበልኩና በእኛ ገመድ ላይ አሰጣሁላት። ስጨርስ፣ «እትዬ፣ ዘበኛው ግን ያዘነላት በስንተኛው ቀን ነው?» አለችኝ።

ያኔም ልነግራት እችል ነበር። በሩ ያው ነው፣ የቆሻሻው ፌስታል ያው ነው።

«ቆይቶ ነው» አልኳት።

በሳምንቱ ባለቤቶቿ ግድግዳው ላይ ቆርቆሮ አስመቱ። ከዚያ በኋላ ባልዲዋ ሲቀመጥ እሰማለሁ እንጂ ፊቷን አላየሁም። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ባልዲውም ዝም አለ፤ ወደ ሀገሯ ላኳት ተባለ። የእኔ ኢቃማ ታደሰ። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ ታድሷል። ማዳሜ ካረፈች በኋላ ልጆቿ አላስወጡኝም፤ ዓርብ ዓርብ ሰብለን እያገዝኩ እውላለሁ።

ዝናሽ ቆማ ጥቂት አወራችኝ። አሁን የምትሠራው ሚሽሪፍ ሰፈር ነው፣ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ደህና ሰዎች ናቸው አለች። ማንበብ የተማረችው ሀገሯ ከተመለሰች በኋላ ከጎልማሶች ጋር ነው። ባለፈው ፈቃዷ መንገድ ዳር ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት አንዱን አንስታ ስትገልጥ ማሪቱ የሚለውን ስም አገኘች። የምሠራበትን የነገረቻት እዚህ ፀጉሯን የምትሠራ ጓደኛዋ ናት። ድሮ አንቺ ትለኝ ነበር፤ አሁን እርስዎ ትለኛለች።

መጨረሻው ላይ ያለውን ገጽ ገልጣ ጣቷን መስመሩ ሥር አደረገች። አላነበበችውም። እንድናየው ብቻ ነው።

«ምናልባት ይቺ ክፍል ያኔ እጅዎ አልገባች ይሆናል» አለች። «ያገኘሁት ጊዜ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። አልገባችም ነበር አይደል?»

ድምጿ ዛሬም አልተለወጠም። የምመልሰውን እሷው አዘጋጅታ ሰጥታኛለች፤ አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። በዕድሜ የገፋን ሰዎች የወጣትነት ጥፋታችንን በአለማወቅ እናመካኛለን፤ ልጅ ነበርኩ እንላለን። ከሁለታችን ልጅ የነበረችው እሷ ናት። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ማንበብም እችል ነበር።

«ገብታ ነበር» አልኩ። «አንብቤያታለሁ።»

የሰብለ እጅ የልጅቷ ፀጉር ላይ ቆመ። ዝናሽ መጽሐፉን ዘጋች፣ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችው፣ አፉን ቋጠረችው። ከዚያ በደህናው እጇ በሩን ከፍታ ወጣች።