የሸክላው ዓይን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ አሁን እሷም አፈር ሆናለች። ለንስሐ አባቴም ስንቱን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። የአበባ ማሰሮ ነገር ነው ብል ይስቁብኛል ብዬ ይሆን? አይደለም። የአበባ ማሰሮ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ለጽሕፈት ከባድ ነው። ቢሆንም ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈልግም። ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ።

ይመር እባላለሁ። ከወሎ በሰፈራ መጥቼ አሶሳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እርሻውን ለልጆቼ ከለቀቅኩ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። እዚያ ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ነበረች። የተቀጠረችው በኮንትራት፣ ለጽዳት ነው። ነገር ግን በኮሪደሩ የተደረደሩትን ሰባት አበባዎች የምትይዘው እሷ ነበረች። አበባ እንላቸዋለን እንጂ አንዳቸውም አያብቡም፤ ቅጠል ብቻ ናቸው። ማሰሮዎቹንም ራሷ ሠርታ፣ ራሷ ተኩሳ ነው ያመጣቻቸው።

እጇን ብታዩት። ማሰሮ ስትመርጥ በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ድምፁ ከጠራ ታስቀምጠዋለች፤ ከታፈነ ውስጡ የማይታይ ስንጥቅ አለ ብላ ትተወዋለች። አንድ ጊዜ ኃላፊው ለትንሿ ተክል ትልቅ ማሰሮ እንድታደርግላት ቢጠይቃት፣ «ሥር ትንሽ፣ ጭቃ ብዙ፣ እሱ ይበርደዋል» አለችው። ቀለም እንቀባው ሲሏት እምቢ አለች፤ ሸክላ በገላው ይተነፍሳል ባይ ናት። ውሃ ከማጠጣቷ በፊት ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰድዳለች፤ ጣቷ እርጥብ ሆኖ ከወጣ አታጠጣም። ስታጠጣ ደግሞ ሰባቱንም አንድ በአንድ ተሸክማ ደጅ ታወጣለች፤ ውሃው ከሥር በቀዳዳው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ትጠብቅና መልሳ ከቀርከሃው መደርደሪያ ላይ ታኖራለች። በበጋ አቧራው ሲበረታ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ የልጅ ፊት እንደሚታጠብ። እኔ ከበሩ ሆኜ ይህን ሁሉ አይ ነበር። ደስ ይለኝም ነበር። ደስ እንደሚለኝ ግን አንድ ቀን አልነገርኳትም።

ታዲያ ለምን ቂም ያዝኩባት? «አንተ» ስለምትለኝ ነው። ልጆች ያደረስኩ ሰው፣ እርስዎ መባል የለመድኩ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት «አንተ ይመር፣ ደህና ነህ?» ስትለኝ ይከነክነኛል። እሷ ኃላፊውንም አንተ ትለዋለች። ጸሐፊዋን ሴቲቱን ሳይቀር አንተ ትላታለች። አማርኛን የተማረችው ከገበያ ነው፤ ለእሷ ሰው ሁሉ አንተ ነው። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። እኔስ ይህን ሁሉ ዘመን በአገራቸው ስኖር ስንት ቃል በርታኛ ተማርኩ? ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተማርኩም። ግን ግትር ነኝ፤ ግትር ሰው ደግሞ የሚቆጥረው የተነፈገውን ብቻ ነው።

አንድ ክረምት መንጌ ወረዳ ያሉት እናቷ ታመሙ ተብላ ተጠራች። ከመሄዷ በፊት አበባዎቹን ለእኔ አደራ ሰጠች። ሰው በሞላበት ኮሪደር ላይ ቆማ ጣቷን አነሳችና እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ይመር፣ ዓይን አትዝጋ። እሺ? ዓይን ተዘጋ፣ ኸላስ፣ እሱ ሞተ።»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በፊት ኃላፊው ወንበር ላይ እንዳሸለብኩ አግኝቶኝ ስለነበር ነገሩ ሁሉ ለእኔ የተወረወረ ሆነ። ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ሸፍና፣ «ጋሽ ይመር፣ ወሬዎ ጽዳት ክፍል ድረስ ደርሷል እኮ» አለችኝ። ሌላው ደግሞ፣ «ኧረ ሐዋ፣ ትራሱንም አደራ በያቸው» አለ። ሐዋ ሰው ለምን እንደሚስቅ አልገባትም፤ አብራቸው ፈገግ አለች። እኔ ያን ፈገግታ ብቻ ይዤ ቀረሁ። በአገጯ ማሰሮዎቹን እያሳየችኝ እንደነበር አላየሁም፤ የሚስቁትን እያየሁ ነበር።

ሄደች። እኔ ሰባት ማሰሮ ተሸክሜ ደጅ አላመላልስም አልኩ፤ ዘበኛ ነኝ እንጂ ተሸካሚ አይደለሁም። እዚያው ባሉበት በጆግ አጠጣኋቸው። ውሃው በቀዳዳው ወርዶ ወለሉን አጨቀየ፤ ኃላፊውም «ይህን ይጥረጉ» አለኝ። እሑድ ቀን፣ መሥሪያ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ አጥር ለመጠገን ከመጣው ሲሚንቶ የተረፈውን በጣሳ በጠበጥኩ። አንደኛውን ማሰሮ በጎኑ አጋደምኩና ሲሚንቶውን በአውራ ጣቴ እየጠቀጠቅኩ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ሁለተኛውን ደፈንኩ። ሦስተኛውን ስደፍን ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ አንድ ነገር መጣብኝ።

እኛ አገር ምንጭ ከመሬት የሚፈልቅበትን ቦታ የውሃ ዓይን እንለዋለን። ልጅ ሆኜ የሰፈራችንን ምንጭ ዓይን በድንጋይ ደፍኜ አባቴ ገርፎኛል። ዓይን አትዝጋ። ሴትዮዋ የተናገረችው ስለ ማሰሮው ነው። ስለ እንቅልፌ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቀዳዳ የሚለውን አማርኛ አጥታ፣ ከራሷ አእምሮ ዓይን የሚል ቃል አወጣች። የእኔ እናትና አባት የሚሉትን ቃል አወጣች።

ገባኝ። ፀሐይ የማየትን ያህል ገባኝ። ከዚያ ምን አደረግኩ? አራት ማሰሮ ቀርቶኝ ነበር። አራቱንም ደፈንኳቸው።

ኑዛዜዬ ይህ ነው። ሦስቱን በቁጣ ደፈንኩ፤ አራቱን ግን አውቄ ደፈንኩ። ስለ ሦስቱ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ልል እችል ይሆናል። ስለ አራቱ ማንን ልክሰስ? ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር፤ በእንጨት ጫፍ ማውጣት እችል ነበር። አላወጣሁም። ከማግስቱም ጀምሮ በየቀኑ አጠጣኋቸው፣ ጆግ ሙሉ፣ እንደ ደግ ሰው።

የእናቷ ሕመም ስለረዘመ ሐዋ ሦስት ሳምንት ቆየች። ስትመለስ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ግንዱ እንደ ተቀቀለ ድንች ልሞ፣ ኮሪደሩ የቦይ ሽታ ይሸት ነበር። ኃላፊው በሁላችንም ፊት፣ «ያንቺ ጭቃ ነው የገደላቸው። ከእንግዲህ ፕላስቲክ ይገዛል» አላት። እሷ አንዱን ማሰሮ አነሳችና ገለበጠችው። ሲሚንቶውን አየች። በጣቷ ዳሰሰችው።

አውራ ጣቴ የተሰነጠቀች ናት፤ በልጅነቴ ማጭድ ከመሐል ከፍሏታል። እጄ ለጽሕፈት ስለሚዘገይ የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት ሁሉ በዚያች ጣት ነው የምፈርመው። ሲሚንቶው ላይ ስንጥቋ ቁልጭ ብላ ወጥታለች። ሐዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዓይን ዘጋህ» አለች።

ጸሐፊዋ አሁንም ሳቀች፤ እንቅልፌን መስሏታል። የገባን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ማሰሮውን ለኃላፊው ብታዞርለት የምባረረው እኔ ነኝ። አላዞረችም። ቀስ ብላ አስቀመጠችው። በወሩ መጨረሻ ኮንትራቷ አይታደስም ተባለ፤ እኔም በሩን ከፍቼ አስወጣኋት። በሩ ላይ ቆም ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ሽማግሌ፣ ከዚህ ወጣህ፣ የት ትሄዳለህ? እኔ እጅ አለኝ።»

ስድብ መስሎኝ ነበር። እኔ ከሥራ እንዳልባረር ብላ እንደተወችኝ የገባኝ ጥቂት ቆይቶ ነው። እኔ እውነቱን የምናገርበት አፍ ነበረኝ፤ እሱን ዘግቼ እንጀራዬን በላሁ። እውነትም እጅ ነበራት። ዛሬ አሶሳ ውስጥ በረንዳው ላይ የሐዋ ማሰሮ የሌለበት ሆቴል ጥቂት ነው። ከባምባሲ መጥተው ይወስዳሉ። ጉባ የሚመላለስ ሾፌር እንኳ ለግድቡ ሠራተኞች ክፍል ብሎ በገለባ ጠቅልሎ ሲጭን አይቻለሁ። አንዱን ማሰሮ ለመሸጥ ዛሬም ኳ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ከታፈነ ገዢው ቢለምናትም አትሰጠውም።

ኃላፊው ሰባቱን ማሰሮ ጣላቸው ሲለኝ ሁለቱን ደብቄ ቤቴ ወሰድኩ። የአንደኛውን ዓይን በሚስማር ፈልፍዬ ከፈትኩና ወፍራም ቅጠል ያላት ተክል ተከልኩበት። አልጋዬ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ናት። ጣቴን አፈሩ ውስጥ እሰድዳለሁ፤ እርጥብ ከሆነ አላጠጣትም። ሳጠጣት ደጅ አውጥቼ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ እቆማለሁ፣ ወገቤ እያመመኝ። ቅጠሏን እጠርጋለሁ። አንድም ቀን በስብሳ አታውቅም። ይህን ሁሉ ከማን ተማርኩ? ጠላሁ ካልኳት ሴት።

ሁለተኛውን ማሰሮ ግን አልከፈትኩትም። እንደ ደፈንኩት አለ።

በገበያው ሳልፍ፣ «አንተ ይመር፣ ደህና ነህ?» ትለኛለች። አሁን ሰው ሁሉ አባባ ነው የሚለኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ አንተ የምትለኝ እሷ ብቻ ቀረች። ስትጠራኝ ልቤ ይሞቃል፤ ወዲያው ደግሞ አራቱ ማሰሮ ትዝ ይሉኛል፤ «አልሐምዱሊላህ በይ» ብዬ ቀልጄ አልፋለሁ። ስንት ክረምት እንዲህ አለፍኩ?

ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልለምንም፤ የተባረረችው ሐዋ ናት። የጻፍኩት አፌ እንዳይሸሸኝ ነው። በሚመጣው ገበያ ያን የተደፈነ ማሰሮ ይዤላት እሄዳለሁ። እሷ ታውቃለች፤ ግን ከእኔ አፍ አልሰማችም። ፊቷ ገልብጬ አስቀምጥና ሦስቱን በቁጣ፣ አራቱን አውቄ ነው እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የምትለኝን ትበለኝ። ሌላ ሰው ነው ብል እንኳ አያዋጣኝም፤ ፊርማዬ ሲሚንቶው ላይ አለ።