ካርዱን አልቀይርም ያልኩበት ምክንያት

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም። በጸሎት ቡድናችን እህቶቼ ተራ በተራ የልባቸውን ሲያፈሱ፣ እኔ የሰው ታሪክ እያወራሁ ተራዬን አሳልፌያለሁ። ወሬ እወዳለሁ፤ ዲላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያየሁትን ሁሉ አውርቻለሁ። ይህችን አንዷን ግን አምስት ዓመት ሙሉ ዋጥኳት። አሁን ለእናንተ ልናገር ነውና ስሙኝ፤ ከቻላችሁ ግን አትዘኑልኝ።

የድንጋዩን ራስ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ወስጄ የደበቅኩትም እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ከዩኒቨርሲቲው በታች ባለው መንገድ ላይ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ እየፈታሁ፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ አንዳንዴም እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ አሮጌ የቪአር መነጽር አገኘሁ፤ ዓይን ላይ ሲያጠልቁት ሰውን ከተቀመጠበት ነቅሎ ሌላ ዓለም ውስጥ የሚያቆም። ተማሪዎቹ በውስጡ ዞምቢ ሲያሳድዱ፣ ከፎቅ ሲዘሉ አይና፣ የእኛስ አገር ለምን አይኖርበትም እል ነበር። አንድን ቦታ ከየአቅጣጫው ደጋግመው ፎቶ ካነሱት፣ ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን ሰፍቶ ሰው የሚገባበት ስፍራ እንደሚያደርጋቸው ተምሬ ነበር።

ከወናጎ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ፣ አባ በራሶ በሚባሉ ሽማግሌ ቡናና እንሰት መሐል የጥንት ትክል ድንጋዮች አሉ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚጠብቋቸው የእሳቸው ቤተሰብ ነው። ሄጄ አስፈቀድኳቸው።

"አንሺ ልጄ፣ ፎቶ አይበላቸውም" አሉኝ። "ብቻ እንዳትደገፊያቸው። ቆመው ቆመው የደከሙ ናቸው።" ከዚያ ለእንግዳ መቀመጫ የሚሆን ቅጠል ልቁረጥ ብለው ወደ እንሰቱ ገቡ።

እኔ ዙሪያቸውን አንስቼ ስጨርስ ከላይ ወደ ታች ማንሳት ፈለግሁ። አጠገቤ ከወገቤ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ደረቷ ላይ መስመር የተቀረጸባት፣ ጋደል ያለች ድንጋይ ነበረች። አንድ እግሬን ጣል አደረግሁባት። ሁለተኛውን ሳነሳ ከሥሬ ድምፅ ሰማሁ። የተሰበረ ነገር ድምፅ አልነበረም፤ ሰው ጉሮሮውን የጠረገ ነው የመሰለኝ። ራሷ ተቆርጦ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ምን ማለት ነበረብኝ? "አባባ፣ አጠፋሁ።" ሁለት ቃል። የሕፃን አፍ የሚችለው። እኔ ግን ዞር ዞር ብዬ አየሁና ሰው የለም አልኩ። ራሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ ልጅ አዘልኩት። የቀረውን ጉቶ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ሸፈንኩት። ይባስ ብሎ ፎቶ ማንሳቴን ቀጠልኩ፤ እጄ ሥራ ከያዘ ልቤ ዝም የሚል መስሎኝ። በመጨረሻ ወደ እንሰቱ ዞሬ "አባባ፣ ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው" ብዬ ተጣርቼ፣ መልስ ሳልጠብቅ ቁልቁል ወረድኩ።

ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ወደ ጀርባዬ አየት አድርጋ "ተኝቷል?" አለችኝ።

"ተኝቷል" አልኳት።

"ታድለሽ። የእኔው ሲሳፈር ነው የሚነቃው።"

እስከ ወናጎ ስለ ልጅ እንቅልፍ ስናወራ ወረድን። ድንጋዩ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው፣ መሞቅ ነበረበት። ጀርባዬ ላይ ግን ይቀዘቅዘኝ ነበር።

ቤት ደርሼ በካርቶን አድርጌ ከጌም ቤቱ ጠረጴዛ ሥር፣ ከስታብላይዘሩ ኋላ ገፋሁት።

ወሬው ብዙ አልቆየም። ወናጎ ገበያ ቆጮ የምትሸጥልኝ ሴት ነገረችኝ። አባ በራሶ የአባቶችን ድንጋይ ራስ ቆርጦ ለባዕድ ሸጠ ተብሏል። ሽማግሌዎቹ በሶንጎ፣ እውነት እንጂ ሌላ በማይወራበት የመሰብሰቢያ ቦታቸው፣ አቁመው ጠየቋቸው። "አልሸጥኩም። የወሰደው ራሱ ይናገራል" አሉ። ማነው ቢባሉ፣ "ራሱ ይናገራል።" ከዚህ ሌላ አልወጣቸውም። ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ መሸሽ ቆጠሩት፤ እውነቱ እስኪወጣ ከመካከላቸው እንዳይቀመጡ ከለከሏቸው። በዚያ ዓመት ቡናቸው ሲቀላ ለመልቀም ብቅ ያለ ጎረቤት አልነበረም።

እኔስ ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን አልኩ? "አይ የሰው ነገር" አልኩ። ቆጮዬን ተቀብዬ ተሳፈርኩ።

ስፍራው በመነጽሩ ውስጥ ተከፈተና ተማሪዎቹ ወደዱት። ብቻ ምስሉ ደብዛዛ ነበር። ለማያውቅ ልንገር፤ ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ምስሉን የሚስለው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። መነጽሩ ለሁለት ዓይን ሁለት ምስል በየቅጽበቱ ይፈልጋል። የካርዱ አቅም ካልበቃ ፕሮግራሙ ራሱ ዝርዝሩን እየቀነሰ ያደበዝዘዋል። የእኔ ድንጋዮች የቀለጠ ሳሙና ይመስሉ ነበር፤ የተሰበረችው ከሌሎቹ አትለይም። ተመስገን አልኩ። እንዲህ ላለው ነገርም አመስግኛለሁ።

በእንሰቱ ጥግ ግን አንድ ነገር ነበር። ጠቆር ያለ፣ የቆመ፣ ፊት የሌለው ጭጋግ። ተማሪዎቹ "ዘበኛው" አሉት።

"እትዬ አስቴር፣ ዘበኛሽ ዛሬ ተጠግቷል። ደመወዙን ሊጠይቅ ነው መሰል" እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያንን ስፍራ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አላስቀመጥኩም። ታዲያ መነጽሩን ባጠለቅኩ ቁጥር ለምን የቀረበ መሰለኝ? ወደዚያ ጥግ መዞሩን ተውኩት። ጀርባዬን ስሰጠው ግን ያ የባጃጁ ቅዝቃዜ ይመለስብኛል።

ለምን አላጠፋሽውም ትሉኛላችሁ። ባጠፋው ተማሪዎቹ "ለምን?" ይላሉ።

ዲላ ውስጥ "ካርድ ልቀይር ወይስ ይቅርብኝ?" የሚል ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ለሰው እውነቱን እናገራለሁ። ስክሪን ላይ ኳስ ብቻ የምትጫወት ከሆነ ይቅርብህ። መነጽር ካለህ ግን ቀይር፤ ምስሉ መጎተቱን ሲተው ራስ ማዞሩም ይተውሃል። የራሴ ቤት ሲሆን ግን ምላሴ ይታጠፋል። የምህንድስና ተማሪዋ ሀያት፣ ከሁሉም ይበልጥ የምትነዘንዘኝ እሷ ናት፣ አንድ ቀን ደጁ ላይ ያዘችኝ።

"ለሰው ቀይር ቀይር ትያለሽ፣ የራስሽ ካርድ ግን ጡረታ አይወጣም?"

"መብራቱ ይዋዥቃል፣ ፓወር ሰፕላዩ አይሸከመውም" አልኳት። "መነጽሩም አርጅቷል። ለውጡ አይታይም።"

ከፊሉ እውነት ነበር፤ ውሸት ከእውነት ጋር ተፈትፍቶ ሲቀርብ አያንቅም። ለውጡ አይታይም ያልኩት እኔ፣ የምፈራው መታየቱን ነበር። በፎቶዎቹ ውስጥ ድንጋይዋ መጀመሪያ ሙሉ ናት፣ በኋላ ራስ የላትም። ዝርዝሩ ጠርቶ ከወጣ እኔ በእሷ ዙሪያ ስዞር መሰበሯን ማንም ያውቃል። ስለዚህ ዋሸሁ። ራሱን አዙሮት ደጅ ያስመለሰ ተማሪ ጀርባ እያሸሁ ዋሸሁ። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት አለፈ፤ አይጠቅምም፣ አያዋጣም፣ ለውጡ አይታይም እያልኩ ዋሸሁ።

ባለፈው ክረምት አባ በራሶ ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ። አዎ፣ በእግሬ ሄጄ ከአልቃሾቹ መሐል ተቀመጥኩ። ከቤተሰቡ ሌላ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ባለቤታቸው እጄን ያዙኝ።

"የፎቶዋ ልጅ አይደለሽ? ይጠይቅሽ ነበር እኮ። ከገበያ ስመለስ ሁሉ 'ልጅቷ አልመጣችም?' ነው የሚለኝ።"

ናፍቆት መሰለኝ። ወይስ ናፍቆት እንዲመስለኝ ፈለግሁ?

በሳምንቱ ካርዱን ገዛሁ። የተበደለው ሲሞት በደሉም አብሮ የተቀበረ መሰለኝ። አሁን አጥርቼ ልይ፣ የተሰበረችውን ድንጋይ ከስፍራው ቆርጬ ላውጣት፣ ከዚያ ለተማሪዎቹ በአዲሱ ካርድ እከፍትላቸዋለሁ አልኩ። እሳቸውን መሬት ማስገባቴ ሳያንሰኝ ድንጋይዋንም ልሰርዝ።

እሑድ ጠዋት፣ ሰፈሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጌም ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ መነጽሩን አጠለቅኩ።

ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? የድንጋዮቹ ሽበት፣ የቡናው ቅጠል ደም ሥር፣ ሣሩ ላይ የሄድኩበት ዱካ ሳይቀር ወጣ። የተሰበረችው ድንጋይ ራሷ አለ ስል የለም፣ የለም ስል አለ፤ በብርድ ቀን እንደሚታይ ትንፋሽ። ልሰርዛት እጄን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ቅዝቃዜው መጣ፤ ዞርኩ።

ዘበኛው ፊት ነበረው። አባ በራሶ ነበሩ። በእንሰቱ ጥግ ቆመው፣ የተቆረጠ ቅጠል በእጃቸው ይዘው፣ እኔን ያዩኛል።

ይህን ሥራ የሚያውቅ ወዲያው ይገባዋል። በእንዲህ ያለ ምስል ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው አይወጣም፤ ተበትኖ ይጠፋል። ፊቱ ጠርቶ የሚወጣው ሳይነቃነቅ ረጅም ጊዜ የቆመ ብቻ ነው። መነጽሩን አውልቄ፣ አምስት ዓመት ያልከፈትኳቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየሁ። ከዳር፣ አውራ ጣት አክለው፣ አሉ። ድንጋይዋ ሙሉ ሳለች አሉ። ራሷ ከወደቀ በኋላም አሉ፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አቋቋም። ስረግጣት አይተዋል። ስጠቀልል፣ ሳዝል፣ ጉቶውን ስሸፍን አይተዋል። ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ስጣራ እዚያው ቆመው ሰምተውኛል።

አውቀው ነው "የወሰደው ራሱ ይናገራል" ያሉት። አንዲት ስም ቢጠሩ ከሶንጎው ባልወጡ፣ ቡናቸው ዛፍ ላይ ባልደረቀ። እውነቱን ለባለቤቱ ትተው ጠበቁኝ። "ልጅቷ አልመጣችም?" እያሉ ጠበቁኝ። እኔ ደግሞ ፊታቸውን በርካሽ ካርድ ጋርጄ ከእሳቸው ጋር በአንድ ክፍል እውል ነበር።

ሰኞ ሀያት መጥታ መነጽሩን አጥልቃ ብዙ ቆየች። "እትዬ አስቴር፣ ዘበኛው ሰው ነው እንዴ?"

"ሰው ነው።"

"ካርዱ ያዋጣል ማለት ነው።"

"ያዋጣል" አልኳት። "ዱሮም ያዋጣ ነበር። ዋሽቼሽ ነው።"

ነገ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ራሱን ከካርቶኑ አውጥቼ በዚያው ነጠላ ጠቅልዬዋለሁ። አዝዬው እወጣለሁ፤ "ተኝቷል?" የሚለኝ ካለ ድንጋይ ነው እላለሁ። በሶንጎው መሐል አስቀምጬ፣ ባለቤታቸው ባሉበት፣ እኔ ነኝ እላለሁ። ይቅርታ ግን ከእናንተ አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ አምስት ዓመት ቆመው ደከሙ።

ከስፍራው ምንም አልሰረዝኩም። ጌም ቤቴ ብትመጡ መነጽሩን አጥልቁና ወደ እንሰቱ ዙሩ፤ እዚያ ታገኟቸዋላችሁ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። እጃቸው ላይ ያለው ቅጠል የእኔ መቀመጫ ነው።