የእማማ ረሂማ አውፍታ

የእማማ ረሂማ ይቅርታ ከአንገት በላይ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ። ፈላና በር አጠገብ ካለው ቤታቸው አንዷን ክፍል ተከራይቼ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ክርስቲያንም ነኝ። የምመሰክረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

እሳቸው ሸዋ በር ቅመም ይሸጣሉ። አንድያ ሴት ልጃቸውን ዋፊቃን ጫት ጭኖ ሲከንፍ የነበረ መኪና ገጭቶ ገደለባቸው። ሾፌሩ ከድር የሚባል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከሶፊ የመጣ ልጅ ነው። እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ከሽማግሌዎች ጋር መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ለአላህ ብዬ አውፍ ብዬሃለሁ» አሉትና ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ሰፈሩ ግን አላመናቸውም። «ሃይማኖት ይዟቸው እንጂ እንዲህ ያለው ነገር ከልብ ይቅር ይባላል እንዴ?» ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሐሜተኞቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ጥቅምት ከድር ብቻውን መጣ። ሊያገባ ፈልጓል። የልጅቷ አባት ጋሽ ቡሽራ ግን «የሟች እናት ከልቧ አውፍ ካላለችህ ልጄን አልሰጥህም፤ እርግማን ቤቴ አይገባም» ብለውታል።

«እማማ፣ አውፍ ያሉኝ ለአላህ ብለው ነው። ለኔስ?» አላቸው አንገቱን ደፍቶ።

ቱግ አሉ። «ላንተማ ምን ብዬ! ስትስቅ ባየሁህ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ላንተ ብዬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አውፍታዬን መቶ ጊዜ በነጠቅሁህ። ለአላህ የሰጡትን ግን ማን መልሶ ይወስዳል?»

ሻርፓቸውን ደረቡና «መምህር፣ አንተም ተነስ» አሉኝ። ሦስታችንም ሶፊ፣ ጋሽ ቡሽራ ቤት ሄድን።

ጋሽ ቡሽራ በክብር ተቀበሉን። ከተቀመጥን በኋላ «እውነት ይህን ልጅ ይወዱታል?» ብለው ጠየቋቸው።

«ወላሂ አልወደውም» አሉ እማማ ረሂማ።

ከድር አመድ መሰለ። እኔም በቃ አበላሹት ብዬ ተናደድኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

«አውፍ ግን ብዬዋለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ልጅዎን ይስጡት። አላህ ሴት ልጅ ይስጠው፣ አሳድጎ ለመዳር ያብቃው። ያኔ ምን አውፍ እንዳልኩት ይገባዋል።»

ጋሽ ቡሽራ እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። ከድርም «አሚን» ሊል አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው።