ጠይቁኝ ያሉን መምህር

የኔታ ዘንድ ፊደል ስንቆጥር ተማሪ ይደግማል እንጂ አይጠይቅም ነበር፤ የጠየቀ ይገረፋል። ስለዚህ በንጉሡ ዘመን ወገዳ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ አዲሱ መምህር «የከነከናችሁን ሁሉ ጠይቁኝ» ሲሉን አላመንኳቸውም። ደፋሮቹን ለይተው ሊገርፉ መሰለኝ።

እኔን ግን አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት እኛ ሴቶቹ ለትምህርት ቤቱ ውሃ ልንቀዳ ምንጭ ስንወርድ ወንዶቹ ሒሳብ ይማራሉ። ስንመለስ ሒሳቡ አልቋል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ተነሣሁ።

«መምህር፣ ወንዶቹ ውሃ አይጠጡም?»

«ምላሰኛ! ዛሬ አለቀልሽ» አለኝ ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ። ዓይኔን ከመምህሩ አርጩሜ ላይ አልነቀልኩም። እሳቸው ግን አልነኩትም።

«ደግ ጠየቅሽ። ከነገ ጀምሮ በተራ ትቀዳላችሁ» አሉ።

«ወንድ እንስራ አያዝልም!» ብለው ወንዶቹ ተንጫጩ።

«እንግዲያው በቅል ቅዱ» አሏቸው።

በማግስቱ ወንዶቹ ወረዱ፤ እኔም ሒሳብ ተማርኩ። ልቤ ግን አላረፈም። ሲመለሱ ቅላቸውን የትምህርት ቤቱ የውሃ ጋን ውስጥ ሲገለብጡ ቆሜ አየሁ። ጋኑ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። የጎደለውን ልንሞላ የምንላከው እኛ እንደሆንን ገባኝና መምህሩ ሳይናገሩ እጄን አነሣሁ።