ገዥው የሳቀ ዕለት

የመጀመሪያ ልጄ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ጉልበቴን ሊስም በመጣ ጊዜ ዘመዶቹ ሁሉ መረቁት። እኔ አልመረቅሁትም። ተቀመጥ አልኩትና ይህን ታሪክ ነገርኩት። ስጨርስ «አባባ፣ ደስታዬን እኮ አበላሹብኝ» አለኝ። ይበላሽ። የሕዝብ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከመቀመጡ በፊት ሊሰማው የሚገባ ነገር ስለሆነ አሁን ደግሞ ጽፌ አኖረዋለሁ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ አሰላ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሱቄ ከአንድ የወረዳ ገዥ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነበረች። የስፌት መኪናዬን ደጅ አውጥቼ ስለምሰፋ የሚገባውንም የሚወጣውንም አያለሁ። አያቴ ከሸዋ ከጦር ጋር የመጣ ሰው ነው። እኔ ግን የተወለድኩት እዚሁ አርሲ ነው፤ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ከአማርኛው እኩል አፌን ፈታሁበት። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ትዳር ከያዝኩ በኋላ፣ መኪናዬ ላይ ዳዊት ዘርግቼ ነው። ስለዚህ የሕግ አዋቂ ሆኜ አይደለም የምጽፈው፤ ያየሁትን ነው።

በዚያ ጽሕፈት ቤት ደጅ ሰው አይጠፋም ነበር። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የመጡ ገበሬዎች ፈረሳቸውን አስረው፣ ቡልኳቸውን ተከናንበው፣ ከግድግዳው ጥግ ይቀመጣሉ። ጥላው ሲዞር እነሱም አብረው ይዞራሉ። ወደ ማታ ዘበኛው ወጥቶ «ዛሬ ጌታው አይመቻቸውም» ይላቸዋል። እነሱም አመስግነው ይሄዳሉ። እኔን የሚያቃጥለኝ ያ ምስጋና ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ ውሎ ምንም ሳያገኝ የሚያመሰግነው ምን ስለተደረገለት ነው?

ከእነዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ረጅም፣ ከሲታ፣ በትራቸውን መሬት ላይ ሳይሆን እንደ ሕፃን ክንዳቸው ላይ የሚያስተኙ ሰው። ፈረሳቸውን ከሱቄ ምሰሶ ላይ ስለሚያስሩ ተዋወቅን። የመንደራቸው ሰው ንግግር ያውቃሉ ብሎ መርጦ የላካቸው ናቸው። ጉዳያቸው አጭር ነው። አሰላ ተቀምጦ ገጠር መሬት ያለው አንድ ባለርስት ለበቅሎዎቹና ለላሞቹ ሣር ለመከለል ብሎ ምንጫቸውን በእሾህ አጥር አጠረው፣ ጠባቂም አቆመበት። መንደሩ ከጥንት ጀምሮ የሚጠጣው ከዚያ ነበር። አሁን ሴቶቹ እንስራ አዝለው ገደል ይወርዳሉ።

አንድ ቀን ልብሳቸው ላይ ቁልፍ ስተክልላቸው «ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት» አሉኝ። «ገደሉን ስትወርድ ፊቴን አዞራለሁ። ስትወጣ ግን አያለሁ፤ መውጣቷን ማወቅ አለብኝ።»

ከዚያ በኋላ ያ ነገር የእሳቸው ብቻ ሊሆንልኝ አልቻለም።

ብዙ ደጅ ጠንተው ተራቸው በደረሰ ዕለት መኪናዬን ሸፍኜ አብሬያቸው ገባሁ። ችሎቱ ለማንም ክፍት ነበር። ገዥው ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባለርስቱ ካፖርቱን እንደደረበ ከፊት ቆሟል። በመካከል አስተርጓሚው አለ። በዚያ ዘመን ባለጉዳይ በኦሮምኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚ በአማርኛ ያቀርባል፣ ገዥው በአማርኛ ይወስናል። ደንቡ ይኸው ነው።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር ይወቅልኝ። የአርሲ ሽማግሌ ነገር ሲያቀርብ ከነገሩ አይጀምርም። መጀመሪያ ለቤቱ፣ ለዝናቡ፣ ለከብቱ ሰላም ይለምናል። ቀጥሎ የሚከሰውን ሰው አባት ያመሰግናል። የሰውን ልጅ ከመክሰስ በፊት አባቱን ማክበር ግድ ነው፤ ያን ያልፈጸመ ባለጌ ይባላል፣ ነገሩም አይሰማለትም። ክሱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሰሚውም በየመሀሉ «ሀዬ፣ ሀዬ»፣ እሺ እንደ ማለት፣ እያለ ይቀበለዋል። ይህን ከእኛ አገር ሰው የማያውቅ የለም።

ሽማግሌው እንዲሁ ጀመሩ። ሰላሙን ለመኑ። «ሀዬ» የሚላቸው ግን አልነበረም፤ ለግድግዳ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወደ ባለርስቱ አባት መጡ። «የዚህ ሰው አባት ደግ ነበር» አሉ። «ከእሱ ጋር ክፉ አልተያየንም። የእሱ በቅሎና የእኛ ከብት ካንድ ምንጭ ጠጥተው ኖረዋል።» ልብ በሉ፣ ምስጋናው ራሱ ማስረጃ ነው። አባትየው ምንጩን አልከለከለም ማለታቸው ነው። ትንፋሽ ወሰዱ፤ ወደ ክሱ ሊሻገሩ ነው።

አስተርጓሚው ትንፋሻቸውን እንደ መጨረሻ ቆጠረው። «ከባለርስቱ ጋር ጠብ የለንም ይላል፣ ጌታዬ። አባቱንም ያመሰግናል» አለ።

«ጠብ ከሌላችሁ ምን አመጣችሁ?» አለ ገዥው።

ባለርስቱ እጅ ነሳ። «እኔስ ምን አልኩ፣ ጌታዬ። እንዲያው ሰዎቹን አድማ የሚያስነሳቸው አለ እንጂ።»

«እንግዲያው ተስማምታችኋል» አለ ገዥው፣ ዓይኑን ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ እያዞረ።

ሽማግሌው አሁንም የቀረውን ለመቀጠል አፋቸውን ከፍተዋል። አላስቻለኝም፣ ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ ሰውየው ገና አልጨረሱም። ወደ ክሱ አልደረሱም።»

«አንተ ማነህ?»

«ከፊት ለፊት ያለሁ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ታዲያ ሄደህ ስፋ» አለኝ። ችሎቱ ሳቀ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ፤ ሽማግሌውም ተከትለውኝ ወጡ።

አስተርጓሚው ጉቦ በልቷል ብዬ አልጽፍም፤ አላየሁም። የሚመስለኝ ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነው። ይህ ደግሞ ከጉቦ የሚያንስ ኃጢአት አይመስለኝም። ጉቦ የሚበላ ሰው ቢያንስ ባለጉዳዩን ቆም ብሎ አስቦታል፤ ይህኛው የአንድ መንደር ጥም በእጁ ይዞ ስለ ሽሮው ነበር የሚያስበው። ደመወዙም የሚወጣው ከእነዚያው ገበሬዎች ግብር ነው።

ሱቄ ገብተን ተቀመጥን።

«ሁለተኛ ሲገቡ ሌላውን ይተዉት» አልኳቸው። «አፍዎን ሲከፍቱ ‹ውሃ› ይበሉ። ‹ውሃችንን ከለከለን› ይበሉ፣ ይቀመጡ።»

«ሰው ቤት ገብቼ ሰላም ሳልል ‹ውሃ› ልበል? የጠማኝ ውሻ ነኝ?»

«ችሎት እኮ ነው፣ የሰው ቤት አይደለም።»

«ሰው ተቀምጦበት የለም?» አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ልብስ ስትሰፋ ከእጅጌ ነው የምትጀምረው?»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ከገዥው ይልቅ በእሳቸው ነበር የተናደድኩት። ክብራቸውን ይዘው ሲቆሙ ምራታቸው ገደል ትወርዳለች። የተበደለ ሰው ለበዳዩ እንዲመች ተቆርጦ ተሰፍቶ መቅረብ አለበት ብዬ እስከማሰብ ድረስ በዳዩ የተማረውን ትምህርት እኔም ተምሬ ነበር ማለት ነው። ይህ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ማመልከቻ ጻፍኩላቸው፤ ሽማግሌውም ወደ ግድግዳው ጥግ ተመለሱ። በጋው እየገፋ ሄደ። ዘበኛው «አሁንም መጡ? የእርስዎ ነገር እኮ በምስጋና አልቋል» እያለ ያሾፍባቸዋል። እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ገና አመስግኜ አልጨረስኩም» ይሉታል።

በዚህ መሀል አንድ የገበያ ቀን ሸማ ልገዛ ወጥቼ በግ ተራ በኩል ሳልፍ ገዥውን አየሁት። የበግ ላት በእጁ መዝኖ ከሻጩ ጋር ይከራከራል። «ይህ በግ ነው ወይስ የቆመ ቆዳ?» ይላል። ሻጩም «ጌታዬ፣ ቆዳውን ብቻ ከፈለጉ ሥጋውን እኔ ልውሰደው» ይለዋል። ሁለቱም ይስቃሉ። የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። የገዥው ኦሮምኛ የዚሁ አገር ነው፤ ከእኔ የሚሻል እንጂ የሚያንስ አልነበረም።

ሸማውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ይህ ሰው ያን ዕለት እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። «ካንድ ምንጭ ጠጥተው ኖረዋል» ሲባል ሰምቷል። ሽማግሌው እንዳልጨረሱ ያውቃል። አስተርጓሚው ቆርጦ ሲጥል እያየ፣ ለበግ የተከፈተ ጆሮውን ለሰው ዘጋው። አላዋቂ ቢሆን ይቅር እለው ነበር፤ እኔም አላዋቂ ነኝ። ደንቡ ስለሚመቸው እንዳልሰማ መሆንን መረጠ እንጂ የሚከለክለው አልነበረም።

ለሽማግሌው ያየሁትን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ሻጩ ምን ሲለው ነበር የሳቀው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ጥሩ ነው፤ ሳቅ የሚወድ ሰው ነው» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ሁለተኛው ችሎት የዋለው ምራታቸው ልትወልድ በደረሰች ጊዜ ነው። እኔ እንዳልናገር ሽማግሌው አስጠንቅቀውኝ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ሽማግሌው እንደ ፊተኛው ሰላም ለመኑ፣ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ። ወደ ባለርስቱ አባት መጡ። እንዲያውም ዛሬ ምስጋናውን አስረዘሙት።

«አባቱ አንዲት በቅሎ ነበረችው» አሉ። «ወደ ምንጩ ስትመጣ እኛ ከብታችንን መልሰን ፊት እናሳልፋት ነበር፣ የጌታ በቅሎ ናትና። ሲቆይ ሹመት ያገኘች መሰላት። ሁላችን ጎንበስ ካላልንላት አትጠጣም። አንድ ቀን ዓይኑ የማያይ አጎቴ በመንገዷ ቆሞ ጎንበስ ሳይል ቀረ። እሷም አኮረፈች። ውሃው ከአፍንጫዋ ሥር እየፈሰሰ፣ አጎቴ ጎንበስ እስኪል ድረስ በጥም እያዛጋች ዋለች።»

ገዥው ሳቀ። ከሆዱ ነው የሳቀው፤ እጁን አፉ ላይ ሲያደርስ ሳቁ ቀድሞት ወጥቶ ነበር።

አስተርጓሚው ገና አፉን አልከፈተም።

ሰው ሁሉ አንዴ ገዥውን፣ አንዴ አስተርጓሚውን ያያል። ሽማግሌው ወደ አስተርጓሚው ዞረው፣ በለሰለሰ ድምፅ «አንተ አትድከም ልጄ» አሉት። «ጌታው ምንጩ ድረስ መጥተውልናል። ከዚህ በኋላ ያለው ጥቂት ነው፣ አብረን እንጨርሰዋለን።» ከኋላ አንድ ሰው «ሀዬ» አለ። ሌላውም ተቀበለው። ሽማግሌው ወደ ክሱ ተሻገሩ። አጥሩን፣ ጠባቂውን፣ ገደሉን፣ እንስራውን፣ ምራታቸውን በተራ ተናገሩ፤ ችሎቱም «ሀዬ፣ ሀዬ» እያለ እስከ መጨረሻው ሸኛቸው።

ገዥው ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ «በደንቡ መሠረት ይተርጎም» አለ። አስተርጓሚውም ያን ዕለት አንዲት ቃል አልጣለም። ማድረግ ይችል ነበር ማለት ነው።

«መሬቱ እኮ የእኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ ባለርስቱ።

«መሬትህን ማን ነካብህ? ለሰውና ለከብት መተላለፊያ ክፈት፣ ጠባቂህን አንሳ» አለው ገዥው፣ ከወንበሩ እየተነሣ።

አጥሩ ተከፈተ። መንደሩ ደስ ብሎት ለገዥው ማርና ሙክት ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሽማግሌውን ፈረሳቸውን ሲፈቱ አገኘኋቸውና «ስለ ምን ታመሰግኑታላችሁ?» አልኳቸው። «ውሃው የእናንተ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰምቷችኋል። በጋውን በሙሉ ሴቶቻችሁን ገደል ያወረደው እሱ ነው። ሙክቱን የሚበላው ስለዚህ ነው?»

«መንደሩ ፈርቶ ነው ያመጣው፣ ደስ ብሎት ብቻ አይደለም» አሉኝ። «ነገ ሌላ ጉዳይ ይኖረናል።» ኮርቻ ላይ ወጥተው ልጓሙን ካስተካከሉ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እኔ ግን አንድ ነገር ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። ያ ሰው ሕፃን ሳለ ሲጠማው ውሃ የጠየቀው በየትኛው ቋንቋ ይሆን?»

ምራታቸው ወንድ ልጅ እንደወለደች የሰማሁት በሚቀጥለው ገበያ ነው። ለሕፃኑ መጠቅለያ ሰፍቼ ላክሁ። ያን ገዥ የተሻለ ቦታ ላይ ሾመው ከአሰላ ወሰዱት፤ ሲሄድም ደጅ ጠኚዎቹ ቆመው እጅ ነሱት።

ለልጄ የነገርኩት ይህንን ነው። ደስታውን እንዳበላሸሁበት አውቃለሁ። ጠረጴዛህ ፊት የሚቆመው ሰው ከሰላምታ ጀምሮ ቢያስረዝምብህ ዝም ብለህ ስማው አልኩት። ስትሰማውም «ሀዬ» በለው፤ እየሰማኸው መሆኑን እንዲያውቅ። ይህን ካልቻልክ ወንበሩን ለሌላ ልቀቅና እኔ ጋ ና፤ መኪናዋ ቦታዋ ላይ አለች።